የጉልበት ሙግት

እኔ ትኬት ቆራጭ፣ ከአሳንሰሩ በር፣
ሦስት ዓመት አየሁት ኒባልዶ ሲበር።
በቫልፓራይሶ ጭጋግ ከወደብ ሳይነሣ፣
የሰፈሩም ውሻ ሌሊት ያየውን ሕልም ሳይረሳ፣
ሁለት መቶ አርባ የድንጋይ ደረጃ
ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያለ ማለማመጃ።
ወገቡን ሳያሟሙቅ፣ ባቱን ሳያፍታታ፣
ከአልጋ ወደ ዳገት፣ በአንድ ትንፋሽ ፋታ።
በደጄ ሲያልፍም ኪሱን ይመታና፣
«ዙሌማ፣ ሣንቲሜን አልሰጥሽም ገና፤
ይቺ ሣጥንሽማ ለሽማግሌ ናት፤
እኔ ጉልበት አለኝ» ይለኛል በኩራት።

አርባ ዓመት ቁጭ ብሎ ከክሬኑ ጫፍ ላይ፣
የመርከብ ኮንቴይነር ሲሰቅል ወደ ሰማይ፣
ጡረታ ሲወጣ ደሙ አብሮ ወጣ፤
ሐኪም «ተንቀሳቀስ» አለው፤ መጣ ጣጣ።
«ተራመድ» ሲሉት የሚሮጥ ሰው አለ፣
ማንኪያ ሲታዘዝለት ባልዲ ካልሆነ ያለ።

ጉልበት ግን ይሰማል፤ ጉልበት ጆሮ አለው።
መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቁልቁል ሲል አመመው፤
ቀጥሎ አጉረመረመ፣ ከወንበር ሲነሣ፤
ኒባልዶ ግን ናቀው፣ ክኒን ውጦ ረሳ።
በስተመጨረሻ፣ አንድ የነሐሴ ማለዳ፣
አበጠና ቆመ፣ እንደ ወለድ ዕዳ።

መቶ ሠላሳኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ፤
መውጣቱም ራቀው፣ መውረዱም አየለ።
ጉልበት አለኝ ያለን ጉልበቱ ያዘው፤
የሚመካበቱ፣ እሱው አገደው።

ኦሪያና የምትባል፣ ገና ልጅ ወጌሻ፣
ሽማግሌ ሆነች ለሙግቱ መጨረሻ።
በእጇ ጉልበቱን፣ በዓይኗ ደግሞ ፊቱን
ይዛ፣ በየተራ ሰማች ተሟጋች ሁለቱን።

«አልተሰበረም» አለች፣ «አኩርፎ ነው እንጂ፤
ያኮረፈ ደግሞ አይገፋም በእጅ።
ዛሬ በረዶ ያዝለት፣ በጨርቅ ጠቅልለህ፤
ነገ አሳርፈው፤ ከነገ ወዲያ ግን ቀስ ብለህ
ሜዳ ሜዳውን ሂድ፣ የባሕሩን ዳር ይዘህ።
አልጋ ላይ መክረምም ሌላ በሽታ ነው፤
ያልተነካ ማጠፊያ ዝገት ነው የሚበላው።
ጭንህን አጠንክረው፣ ከወንበር ብድግ ቁጭ፤
ጭን ሸክሙን ካልያዘ፣ ጉልበት ነው የሚፈጭ።»

«ስንት ቀን?» ይላል እሱ፣ እየቆጠረ በጣት።
ይህን ሲያወራልኝ አላስቻለኝም ሳቁን ማፈን፤
«እንቁላል በእግሩ ሄደ» ትላላችሁ፣ ረስታችሁ፣
ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ተኝቶ ነው፣ እባካችሁ!

መስከረም ጠባ። ኒባልዶ ደጄ መጣ።
አልሮጠም። ግድግዳዬን ተደገፈ፣
ባቱን ሳበ፣ ዳሌውን አዞረ፣
ቁርጭምጭሚቱን እንደ ሰዓት ሞላ።
ውሻው ከጎኑ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ
ወገቡን ቁልቁል ስቦ አብሮት ተንጠራራ።
(ለካ ውሻ ያውቅ ኖሯል! አስተማሪ የለው፣
ሐኪም የለው፤ አልጋው አስፋልት ነው፤
ሳይንጠራራ ግን አንድ እርምጃ አይሄድም።)

ሃምሳውን ወጣ። ዐረፈ። ሌላ ቀን ሃምሳ ደገመ።
በሦስተኛው ሳምንት ከጫፉ ላይ ቆመ።

ከዚያ ገመዱ ተንጫጫ፤ ሣጥኗ ወደ እኔ ወረደች።
በሩን ስስብ ኒባልዶ ነው፤
ከሁለት አሮጊቶችና ከአንድ ከረጢት ሽንኩርት ጋር
ጎን ለጎን፣ ዝም ብሎ።
ኦሪያና ነግራው ኖሯል፦ ጉልበቱን የጨረሰው
ሽቅብ መውጣቱ ሳይሆን ቁልቁል መንደርደሩ ነው።
እኔም ስንት ዘመን ዳገቱን ስወቅስ ኖርኩ!

ሣንቲሙን መዳፌ ላይ ቆጥሮ አስቀመጠ፤
ሳቅሁ፤ እሱም ሊስቅ ሲል አፈረና ዋጠ።
«የጉልበት ዋጋ ነው፤ ይኸው፣ ተቀበዪኝ፤
ከፍዬው አላውቅም፣ ስልሳ ዓመት ሲያገለግለኝ።»

ማታ በሩን ስዘጋ ቀኝ ትከሻዬ ጮኸ፤
ሃያ ዓመት ያንኑ ብረት የሚስበው።
ቆሜ ሰማሁት።
ነገ በግራ እስበዋለሁ።